ተኝተዋል ወይስ እንቅልፍ ወስዷቸዋል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)



አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅት ስለ እንቅልፍ ነው። በነርሲንግ ሆም የሚኖሩ አረጋውያን ሌሊቱን እንዴት ያሳልፉታል? የሚጠብቃቸውስ ሰው ይህንን በትክክል እንዴት ሊያውቅ ይችላል? በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ አረጋውያንን በመንከባከብ የሚተዳደር ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ጉዳዩ የብዙዎቻችሁ የዕለት ሥራ ነው። እናታችሁን ወይም አባታችሁን እቤት የምታስታምሙም ከዚህ የምትወስዱት አይጠፋም።

(የኮሪደር ድምፅ፦ የጋሪ ጎማ፣ ከሩቅ የጥሪ ደወል)

አቅራቢ፦ እስቲ አንድ ሌሊት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አንዲት ረዳት ነርስ የአንዲት የ88 ዓመት አዛውንትን በር በቀስታ ገፋ ታደርጋለች። መብራቱ ጠፍቷል። አዛውንቷ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው ደርሷል። ድምፅ የለም። ረዳቷ በሩን መለስ አድርጋ ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች። ሲነጋም ቻርቱ ላይ አንድ ቃል ታሰፍራለች፦ «ተኝተዋል»።

በማግስቱ ልጃቸው ሊጠይቃቸው ይመጣል። እናቱ እጁን ይዘው፣ «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ» ይሉታል። ልጅ ወደ ነርሷ ይሄዳል። ነርሷ ቻርቱን ታያለች። ቻርቱ «ተኝተዋል» ይላል።

ማን ነው ትክክል? እናት ናቸው ወይስ ቻርቱ?

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ መልሱ ያለው እዚያው ቃሉ ውስጥ ነው። በአማርኛ «ተኛ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አልጋ ላይ ጋደም ያለም ተኛ፤ እንቅልፍ የወሰደውም ተኛ። ሆስፒታል የገባውንም «ሆስፒታል ተኝቷል» እንላለን፤ ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ሲያይ ቢያድርም ያው ነው። ረዳቷ ያየችው አልጋ ላይ መሆናቸውን ነው። ቻርቱ የተነበበው ግን እንቅልፍ ወስዷቸው እንዳደሩ ተደርጎ ነው።

ይህ የአማርኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየትኛውም ቋንቋ በሚሠራበት ቤት፣ የተጋደመ ሰው በጨለማ ውስጥ ሲታይ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። የዛሬው ዝግጅታችን ዋና ነገርም ይህ ነው፤ ደጋግመንም እንመለስበታለን፦ አልጋ ላይ መሆን አንድ ነገር ነው፣ እንቅልፍ መውሰድ ሌላ ነገር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አንድ ቃል ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ከዚያች ቃል ተነስቶ መድኃኒት ይታዘዛል። ሐኪሙ ሌሊቱን አልጋው አጠገብ አላደረም፤ የሚያየው የተጻፈውን ነው። «ሌሊቱን ሁሉ አልተኙም» ከተባለ የእንቅልፍ ኪኒን ሊጽፍ ይችላል። በዚህ ዕድሜ የእንቅልፍ ኪኒን ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ሚዛን ያስታል፤ መውደቅ ይመጣል፤ የዳሌ አጥንት ይሰበራል። በተቃራኒው «ደህና ተኝተዋል» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ፣ ሕመም ሲቆጠቁጣቸው የሚያድሩት ሰው አስታዋሽ ያጣሉ። ቀን ላይ ራሳቸውን ሲደፉ «እርጅና ነው» ይባላል።

በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ለእያንዳንዱ ነዋሪ ኤምዲኤስ የሚባል የምዘና ቅጽ ይሞላል። በዚያ ቅጽ ውስጥ ባለፉት 2 ሳምንታት እንቅልፍ መያዝ ወይም ሳይቋረጥ መተኛት አስቸግሯቸው እንደሆነ፣ ወይም ደግሞ እንቅልፍ አብዝተው እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። ነዋሪው ራሱ መመለስ ካልቻለ ሠራተኞች ይጠየቃሉ። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ሌሊት በሩን ገፋ አድርጎ ያየው ሰው የጻፈው ነው።

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ ታዲያ ራሳቸውን ለምን አንጠይቃቸውም?

መጠየቅማ ጥሩ ነው፤ መቼም መቅረት የለበትም። ከፍ ብለን ያነሳናቸው እናት ጠዋት የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ትናንት ማታን ከባለፈው ሳምንት ለይቶ ላያስታውስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በፒትስበርግ የተዘጋጀ፣ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የእንቅልፍ መጠይቅ አለ፤ ስላለፈው 1 ወር እንቅልፍ ይጠይቃል። ያለፈውን ሰዓት ለማስታወስ ለሚቸገር ሰው ያለፈው ወር ሩቅ አገር ነው።

መሣሪያስ? አለ። የእንቅልፍ ላቦራቶሪ የአንጎልን ሞገድ፣ የዓይንን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻን መወጠርና መላላት፣ ትንፋሽን በአንድ ላይ ይመዘግባል። ከሁሉ አስተማማኙም እሱ ነው። ግን ራሳቸው ላይና ፊታቸው ላይ ሽቦ የተለጠፈባቸው፣ የት እንዳሉ ግራ የገባቸው አዛውንት መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ሽቦውን መንቀል። ከዚያም በላይ፣ የመርሳት በሽታ ሲበረታ ሰውየው ነቅቶም የአንጎሉ ሞገድ ዝግ ስለሚል፣ መንቃትንና እንቅልፍን ከወረቀቱ ላይ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል።

ሌላው አክቲግራፍ ነው። እንደ እጅ ሰዓት አንጓ ላይ ይታሰራል፤ የእጅን እንቅስቃሴ ይቆጥራል። እጁ ከተንቀሳቀሰ ነቅቷል፣ ካልተንቀሳቀሰ ተኝቷል ብሎ ያሰላል። ለብዙ ሌሊት ስለሚታሰር ተመራማሪዎች ይወዱታል። ድክመቱ ግን እንደዚያች እንደ ረዳቷ ነው፦ ዝም ብሎ የተጋደመውን ሰው እንቅልፍ የወሰደው አድርጎ ይቆጥረዋል። ስትሮክ የመታው እጅ ላይ ካሰራችሁትማ ሰውየው ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ላይ ነው ይላችኋል። ፓርኪንሰን የሚያንቀጠቅጠው እጅ ላይ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ የለም ይላል።

እንግዲህ የሰው ዓይን አሁንም ያስፈልጋል። ጂስካ ኮኸን-ማንስፊልድ የተባሉ ተመራማሪ፣ ለሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት በሆነችው በሮክቪል በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ የምርምር ተቋም ለረዥም ዓመታት ሠርተዋል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት የተነሳው በትክክል ከዚህ ጥያቄ ነበር፦ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሰው በዓይኑ አይቶ «እንቅልፍ ወስዷቸዋል» ሲል ምን ያህል ይታመናል? የአንድ ረዳት ነርስ ሥራ የሳይንስ ጥያቄ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። ክብር የሚገባው ሥራ ነው።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ አሁን ወደዚያችው በር እንመለስ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ያችው ረዳት፣ እኚያው እናት። በዚህኛው ሌሊት ግን አመጣጧ ሌላ ነው።

ቁልፎቿ እንዳይንጫጩ ኪሷ ውስጥ ጨብጣቸዋለች። የእጅ ባትሪዋን ወደ ወለሉ ነው ያበራችው፤ ፊታቸው ላይ አይደለም። ከወለሉ የሚመለሰው ብርሃን ይበቃታል። ትቆማለች። ለአንድ ደቂቃ ያህል። አንድ ደቂቃ በዚያ ሰዓት ረዥም ነው፤ የሌላ ክፍል ደወል ሊጠራት ይችላል። ቢሆንም ትቆማለች።

መጀመሪያ የምታየው ብርድ ልብሱን ነው። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እኩል ነው ወይስ ይቆራረጣል? እኩል አይደለም፤ አንዴ በረዥሙ ይተነፍሳሉ። ቀጥሎ እጃቸውን ታያለች። ቀኝ እጃቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዞ፣ አውራ ጣታቸው ጥለቱን እየዳበሰ ወዲያና ወዲህ ይላል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ጥለት አይዳብስም። ከዚያ ዓይናቸው። ጨፍነዋል ብላ ነበር፤ ጠጋ ብላ ስታይ ግን ግልጥ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ያያሉ።

እዚያው በሩ ላይ ቆማ ትጽፋለች፦ «8 ሰዓት። ዓይን ክፍት። እጅ ይንቀሳቀሳል። ነቅተዋል።» አሥር ቃል አይሞላም። ባለፈው ሌሊት ከተጻፈችው አንድ ቃል ጋር ግን ሰማይና ምድር ነው።

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ ምን አደረገች? በተወሰነው ሰዓት መጣች፣ ያየችውን ጻፈች፣ እዚያው ጻፈች። ይህንን እንድገመው። በተወሰነ ሰዓት ማየት፤ ያዩትን መጻፍ፤ እዚያው መጻፍ።

በተወሰነ ሰዓት የተባለው፣ ሰው በራሱ ጊዜ ሲያይ ድምፅ የሰማበትን ክፍል ብቻ ስለሚያይ ነው። የሚጣሩት ይታያሉ፤ ዝም ብለው ነቅተው የሚያድሩት ይዘለላሉ። ጠዋት ላይ ተቀምጦ የሌሊቱን መስመር በሙሉ በአንዴ መሙላት ደግሞ ምልከታ አይባልም። የሚሞላው ድካም ያለበት፣ ሌሊቱን በእግሩ የቆመ ሰው ነው፤ አያስወቅሰውም። ነገር ግን 11 ሰዓት ላይ ሆኖ የ6 ሰዓቱን ሊያስታውስ አይችልም።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ ለሐበሻ ብቻ የምትነገር አንዲት ነገር አለች። በአማርኛ ስንነጋገር ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው በሥራ ቦታው ሰዓት 2 ነው፤ የረዳቷን ማስታወሻ በእኛ ሰዓት ያነበብነው ለእናንተ ብለን ነው። አዲስ የገባ ሰው በልቡ በእኛ ሰዓት እያሰበ ቻርቱን ሲሞላ 6 ሰዓት ሊያዛባ ይችላል። መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ እንቅልፍ በስንት ሰዓት እንደጠፋ ለሚያመሳክር ሐኪም 6 ሰዓት ትልቅ ነው። ቻርት ላይ ሁልጊዜ የሥራ ቦታውን ሰዓት፤ ምርጫ የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እንቅልፍ የሚያታልልባቸው ጊዜያትም አሉ። እስቲ ጥቂቱን እንያቸው።

ዓይናቸው ሳይከደን እንቅልፍ የሚወስዳቸው አሉ፤ በተለይ የፊት ነርቭ የተጎዳ ሰው የዓይኑ ሽፋን ሙሉ በሙሉ ላይገጥም ይችላል። የተጨፈነ ዓይን ሥር ብሌኑ ወዲያና ወዲህ ሲል ካያችሁ ደግሞ አትደናገሩ፤ ሰውየው ሕልም ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የዓይን እንቅስቃሴ ቺካጎ ውስጥ አሴሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ካደረጉት ወዲህ ነው የሕልም እንቅልፍ በሳይንስ የታወቀው። አንዳንዱ ደግሞ ሕልሙን በእጅና በእግሩ ያየዋል፦ ይጮኻል፣ ይራገጣል፣ ግድግዳ ይማታል፤ ግን እንቅልፍ ላይ ነው። ይህ በፓርኪንሰንና ልዊ ቦዲ በሚባለው የመርሳት በሽታ ላይ የሚታይ ስለሆነ «ሲረብሹ አደሩ» ብሎ ከመጻፍ ያዩትን መጻፍ ሐኪሙን ይረዳዋል።

ማንኮራፋትስ? «ሲያንኮራፉ አደሩ፣ ደህና ተኝተዋል» ይባላል። ቆም ብላችሁ ስሙት። ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ ብሎ፣ አሥር ሰከንድ አልፎ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ከተነፈሱ ትንፋሻቸው ተቋርጦ ነበር ማለት ነው። ይህ ሕክምና አለው። ጻፉት፤ ለነርሷም ንገሯት።

እርግጠኛ ካልሆናችሁስ? «አልለየሁም» ብላችሁ ጻፉ። ቻርቱ ላይ ቦታ ከሌለው ዳር ላይ ጻፉት። በግምት ከተሞላ መስመር ይልቅ «አልለየሁም» የሚለው እጅግ ይሻላል።

(የሁለት ሰዎች የእግር ኮቴ)

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ አንድ እንቆቅልሽ። ሁለት ረዳቶች አብረው 10 ክፍል ያያሉ፤ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ይጽፋሉ። አንደኛዋ በየክፍሉ ቆማ አይታ፣ «9 እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ 1 ነቅተዋል» አለች። ሁለተኛው ደክሞታል፤ ምንም ሳያይ አሥሩንም «እንቅልፍ ወስዷቸዋል» ብሎ ጻፈ። ሁለቱ በስንቱ ተስማሙ?

ከ10 በ9ኙ! ወረቀቱን ላየው ሰው ድንቅ ስምምነት ነው። ግን ሁለተኛው ማንንም አላየም።

ሌሊት አብዛኛው ሰው እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ሳያዩ መገመት ብዙ ጊዜ ያስመታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ካፓ የተባለ ስሌት ያበጁት እንዲህ ያለውን በዕድል የመጣ ስምምነት ቀንሶ ቀሪውን ለማየት ነው። አሁን በሰጠነው ምሳሌ ካፓ ሲሰላ ውጤቱ ዜሮ ነው። ተመራማሪዎች ጥናት ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ተመልካቾችን አብረው የሚልኩት ለዚህ ነው። እናንተስ? ስሌቱን ተዉት። ከባልደረባችሁ ጋር ለጥቂት ክፍሎች አብራችሁ እዩ፣ ለየብቻ ጻፉ፣ ከዚያ የተለያያችሁበትን አንድ ክፍል አንስታችሁ ተወያዩ። «አንቺ ምን አየሽ? እኔ እጃቸውን አላየሁም» የምትሉባት ደቂቃ ከብዙ ስልጠና ትበልጣለች።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ እስካሁን ስለ ሌሊት ብቻ ተናገርን። ቀኑስ?

ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሶንያ አንኮሊ-ኢዝራኤል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን እንቅልፍ ሲመዘግቡ ያገኙት ነገር ያሳዝናል። ከ24ቱ ሰዓት ውስጥ ሙሉ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ላይ የሚሆኑበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። ሙሉ አንድ ሰዓት ነቅተው የሚቆዩበትም እምብዛም አልነበረም። ሌሊቱም ቀኑም ተቆራርሷል፦ ሸለብ፣ ባነን፤ ሸለብ፣ ባነን።

በሎስ አንጀለስ ደግሞ በ4 ነርሲንግ ሆሞች 492 ነዋሪዎች ቀን ቀን በተደጋጋሚ ታዩ። ከ10 ሰዎች 7 ያህሉ ቀን ላይ ከልክ በላይ ሲያሸልቡ ተገኙ። አረጋውያን ቀን ላይ የት ነው የሚያሸልቡት? ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ዊልቸር ላይ፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ጥለው፣ ምሳ ሳይነሳ። ቻርት ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይመዘገብም፤ እንቅልፍ የሌሊት ጉዳይ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ሌሊት ባይተኙ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ ቀንም እዩ። ሲያሸልቡ ካያችሁ ሰዓቱን ጻፉ፤ ለሌሊቱ ፈረቃም አስተላልፉ።

የሳን ዲዬጎዎቹ ብርሃንንም ለክተው ነበር። በደንብ የደመነ ቀን ላይ እንኳ ደጅ የሚገኘውን ያህል ብርሃን ነዋሪዎቹ የሚያገኙት በቀን 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። አንጎል ቀንና ሌሊትን የሚለየው ደግሞ በብርሃን ነው። እናቶቻችን አዛውንትን ጠዋት ጠዋት ደጃፍ አውጥተው ፀሐይ ሲያሞቁ ያደጉበት ባህል አለ፤ በዚህ ጉዳይ ትክክል ነበሩ።

(የኮሪደር ድምፅ፦ ሳቅና ንግግር፣ የበር መዘጋት)

አቅራቢ፦ ይህን ድምፅ ሰማችሁት? በነዋሪው ጆሮ ስሙት።

ጆን ሽኔልና ባልደረቦቻቸው በነርሲንግ ሆሞች ውስጥ ሌሊት ሌሊት ድምፅንና ብርሃንን ከነዋሪዎቹ መባነን ጋር አያይዘው አጥንተዋል። የኮሪደር ድምፅ፣ ድንገት የሚበራ መብራት፣ ዳይፐር ለመቀየር የሚደረገው መቀስቀስ ከእንቅልፍ ከሚያባንኗቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል ናቸው። ይህ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የረጠበ ሰው መቀየር አለበት፣ ቆዳው መጠበቅ አለበት። ግን በቻርቱ ላይ «ነቅተዋል» ከሚለው ጎን «ማን ወይም ምን ቀሰቀሳቸው» የሚል ቢጨመር፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላ የሚታይ ነገር ይኖራል። ምናልባት ሁልጊዜ የሚባንኑት የቆሻሻ ጋሪው ሲያልፍ ይሆናል። ለጋሪ ደግሞ ኪኒን አያስፈልገውም።

ካቲ አሌሲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ትንሽ ጥናት ቀን ላይ ሰዎቹን አንቀሳቀሱ፣ ሌሊት ደግሞ ድምፅና መብራት ቀነሱ። ከዚያ በፊት ነዋሪዎቹ ሌሊት አልጋ ላይ ካሉበት ጊዜ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ግማሹን ያህል ብቻ ነበር። በኋላ ከ10 እጅ 6 እጅ ያህል ሆነ። ትንሽ ይመስላል? ሌሊቱን ጣሪያ ሲያይ ለሚያድር ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

(ሙዚቃ በቀስታ ይገባል)

አቅራቢ፦ ሰዓታችን እየደረሰ ነው። ወደዚያች እናት እንመለስና እንለያይ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፈረቃ ይቀየራል። ረዳቷ ጃኬቷን ደርባ፣ ለምትተካት ሪፖርት ትሰጣለች።

«የ88 ዓመቷ እናት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ 7 እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። 8 ሰዓት ላይ ነቅተዋል፤ ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱን ይዳብስ ነበር። 9 ሰዓትም ነቅተዋል። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ጉልበቴን ያመኛል አሉኝ፤ ለነርሷ ነግሬያለሁ። 10 ሰዓት ላይ አልለየሁም። 11 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ አሁንም አልተነሱም። እባክሽ ቁርስ ትንሽ ይቆይላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን መስኮቱ ጋ አውጪልኝ።»

(የመውጫ ሙዚቃ ከፍ ይላል)